ያቺ ነጭ ፓኬት፦ የአበባ ምግብ ገንዘቧን ታወጣለች?

ከእቅፍ አበባ ጋር ተጣብቃ የምትመጣው ትንሽ ፓኬት ዕጣዋ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከመጠቅለያው ወረቀት ጋር ቆሻሻ ውስጥ ትገባለች፣ ወይ ደግሞ ውሃው ስንት እንደሆነ ሳይታይ እንዳለች ቫዝ ውስጥ ትገለበጣለች። በሁለቱም መንገድ ሥራዋን አትሠራም። በዓለም ገበያ በብዛት የሚታወቁት የአበባ ምግብ ስሞች ክሪሳልና ፍሎራላይፍ ናቸው፤ የሌሎቹም አሠራር ከእነዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ እዚህ የሚመዘነው ዕቃው ራሱ እንጂ ስሙ አይደለም፤ ምን ይሠራል፣ የት ላይ ይከሽፋል፣ ቤት ውስጥ በሎሚና በበረኪና ከሚዘጋጀው በምን ይበልጣል?

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ለጽጌረዳ በደንብ ትጠቅማለች። ለሊሊ፣ ለካርኔሽንና ለጂፕሶፊላም ትመከራለች። ለጀርቤራና ለካላ ያን ያህል አይደለችም። በግማሽ መጠን ከተሟሟች ግን ባዶ ውሃ ይሻላል።

የሚገርም ነገር አለ። ከሆለታ፣ ከሰበታ ወይም ከዝዋይ እርሻ የተቆረጠች ጽጌረዳ ቀዝቃዛ ክፍል አድራ፣ አውሮፕላን ተሳፍራ ሊዬዥ ወይም አምስተርዳም ስትደርስ፣ እዚያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ፓኬቷ ተጣብቃባት ትሸጣለች። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። አዲስ አበባ ላይ አበባ ከሱቅ ወይም ከመንገድ ዳር የሚገዛ ሰው ግን ፓኬቷን ካልጠየቀ አያገኛትም። ጠይቆም ቢሆን «ምን ያደርግልሃል፣ ስኳር ጨምርበት» የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለ አበባ ከሚሰጡ ምክሮች ሁሉ መጥፎው ይኸው ነው።

መጥፎነቱን ለማየት ዱቄቱ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ስኳር ነው። ሁለተኛው አሲድ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሎሚ ውስጥ የሚገኘው ሲትሪክ አሲድ። ሦስተኛው በጥቂቱ የሚገባ ባክቴሪያ ገዳይ ነው። አንዳንዱ ላይ አልሙኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል፤ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ድፍርስ ውሃ የሚያጠሉበት ጨው ማለት ነው። ውሃውን ያጠራል፣ አሲድነቱንም ይጨምራል።

ስኳሩ ስንቅ ነው። ጽጌረዳ እንቡጧን ለመፍታትና ቀለሟን ይዛ ለመቆየት ጉልበት ያስፈልጋታል። ከእናት ተክሏ ተለይታ ሳሎን ውስጥ ስትቆም በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ይህ ነው የሚባል ምግብ ማዘጋጀት አትችልም፤ በግንዷና በቅጠሏ ይዛ የመጣችውን ትጨርሳለች። ባዶ ውሃ ውስጥ ግማሽ ተፈትተው የሚቀሩ፣ ቀይ የነበሩት ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ የደበዘዘ ቀለም የሚይዙት ስንቃቸው ያለቀባቸው ናቸው።

ችግሩ ስኳር የሚወደው አበባው ብቻ አለመሆኑ ነው። ባክቴሪያም ይወደዋል። የተቆረጠው የግንዱ ጫፍ ክፍት ቁስል ነው፤ ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ፣ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈው ቅጠል፣ ቫዙ ላይ ከባለፈው የቀረው አተላ ሁሉ ለባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። ባክቴሪያውና የሚያወጣው ንፍጥ መሰል ነገር ውሃ የሚወጣባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናል። ያኔ ቫዙ ውሃ ሞልቶ ሳለ አበባው በውሃ ጥም ይሞታል። ጽጌረዳ ከእንቡጧ ሥር ያለው ለስላሳ ቦታ ላይ ታጥፋ አንገቷን የምትደፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ ስኳር ብቻውን ሲጨመር ተጠቃሚው ባክቴሪያው ነው፤ በ2 ቀን ውስጥ ውሃው ይደፈርሳል፣ ይሸታል።

አሲዱ ሁለት ነገር ያግዛል። የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ወደ 3.5 እና 5 መካከል ሲወርድ ባክቴሪያ ቶሎ አይራባም፣ ውሃውም በግንዱ ውስጥ በቀላሉ ይወጣል። እዚህ ላይ የቤትዎ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ለውጥ ያመጣል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው ውሃ ከለገዳዲ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፤ ማዕድን የበዛበት ውሃ ደግሞ አሲዱን ይመጥጠዋል። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቶሎ ቶሎ የሚጋገር ከሆነ የክረምት ዝናብ ውሃ ወይም የታሸገ ውሃ መጠቀም ያዋጣል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጀርቤራና ግላዲዮለስ በሊትር 1 ሚሊግራም ፍሎራይድ እንኳ ይጎዳቸዋል፣ የአበባቸው ጫፍ እየነደደ ቡናማ ይሆናል። ይህንን ፓኬቷ አታስተካክልም፤ መፍትሔው የዝናብ ውሃ ነው።

መጠኑ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው

የተለመደችው ፓኬት 5 ግራም ናት፣ የተሠራችውም ለግማሽ ሊትር ውሃ ነው። ባለ 10 ግራሟ ለ1 ሊትር ናት። ጀርባዋ ላይ ተጽፏል፤ በአማርኛ አይደለም እንጂ ቁጥሩ ለማንም ይነበባል። አሁን አንድ መካከለኛ የመስታወት ቫዝ ወስደው ሁለት ሦስተኛውን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየለኩ ቢሞሉት ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ሃይላንድ ይገባበታል። ይህ ማለት 3 ወይም 4 ፓኬት ይፈልጋል። ሰው የሚጨምረው ግን አንዷን ነው። የተበረዘው ድብልቅ ውስጥ ባክቴሪያ ገዳዩ ለመግደል አይበቃም፣ ስኳሩ ግን ባክቴሪያውን ለመመገብ ይበቃል። «ፓኬቷን ጨምሬ ባሰበት» የሚለው ቅሬታ ምንጩ በአብዛኛው ይኸው ስሌት ነው።

ተቃራኒውም ያስቀጣል። መጠኑ ሲበዛ የአረንጓዴው ቅጠል ጠርዝ ይነዳል፣ ውሃ ውስጥ ያለው የግንዱ ክፍል ይጠቁራል።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ፓኬት መጨመር፣ ወይ ቫዝ ማሳነስ። ከ10 እስከ 12 ዘንግ ጽጌረዳ ግማሽ ሊትር ከሚይዝ ጠባብ ቫዝ ይልቅ 1 ሊትር የሚይዝ ይመቸዋል፣ 2 ፓኬት ይበቃዋል። ሱቁ አንድ ብቻ ከሰጠ ሁለተኛዋን አለማፈር ነው። ከትልቅ ጥቅል ቀንሶ ለመጠቀም ሚዛን ከሌለ፣ 5 ግራም ማለት ትንሽ ከፍ ብላ የሞላች አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

አሟሟቱ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ዱቄቱ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ተማስሎ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፣ ከዚያ አበባው ይግባ። በአበባው ላይ ከላይ የተበተነ ዱቄት ታች ተቀምጦ ይቀራል። የቫዙ ዓይነትም ቁም ነገር ነው። መስታወት፣ ሸክላ፣ ፕላስቲክ ደህና ናቸው። ዚንክ የተቀባ ባልዲና የናስ ማስቀመጫ ግን ከአሲዱ ጋር አይስማሙም፤ ብረቱ ይበላል፣ የሚሟሟው ብረትም አበባውን ይጎዳል። ማስቀመጫው ለጌጥ የግድ ከሆነ ውስጡ ጠርሙስ ይግባ።

በትክክል ለተዘጋጀ ውሃ የመጨረሻው ስህተት በየቀኑ መድፋት ነው። ያለ ምግብ የተቀመጠ አበባ ውሃው በየቀኑ ወይም በየ2 ቀኑ ይቀየርለታል፤ ከምግብ ጋር የተቀመጠ ግን ውሃው ጥርት ብሎ እስካለ አይነካም። ሲቀንስ በዚያው መጠን በተሟሟ ውሃ ይሞላል እንጂ በባዶ ውሃ አይበረዝም። ከደፈረሰ ግን ሁሉም ይደፋል፣ ቫዙ ይታጠባል፣ ግንዱ እንደገና ይቆረጣል፣ አዲስ ፓኬት ይገባል። በንጹህ ባዶ ውሃ 5 እና 6 ቀን የምትቆይ ጽጌረዳ በዚህ አያያዝ 8፣ 10 ቀን መቆየቷ የተለመደ ነው። ይህንን የሚወስነው ግን ፓኬቷ ብቻ አይደለችም።

ፓኬቷ የማትተካቸው ሥራዎች

የቆሸሸ ቫዝ ውስጥ ማንኛውም ምግብ ከንቱ ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና አድርጎ በብሩሽ ማሸት፣ በተለይ የታችኛውን ማዕዘን፤ ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ጨምሮ 10 ደቂቃ ማቆየትና አጥርቶ ማለቅለቅ። ሲታጠብ በረኪናና ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አብረው አይግቡ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ግንዱ ከታች 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል። መሣሪያው ስል ቢላ ወይም የአትክልት መቀስ ነው፤ የወረቀት መቀስ ግንዱን ጨፍልቆ ቧንቧውን ይዘጋዋል። አገዳሙን ግንድ በመዶሻ ቀጥቅጡት የሚባለው ምክርም እንዲሁ ጉዳት ነው፤ የተቀጠቀጠ ሥጋ ለባክቴሪያ ድግስ ነው። በሰያፍ መቁረጥ የሚጠቅመው ጫፉ ከቫዙ ወለል ጋር ተለጥፎ እንዳይደፈን ነው። ከተቆረጠ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ መቆየት የለበትም፤ አየር ወደ ቧንቧው ይገባና እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። ከውሃ መስመሩ በታች ያለ ቅጠል ሁሉ ይነቀል። እሾሁን በቢላ ፍቆ ማንሳት ግን የግንዱን ልጣጭ ያቆስላል፣ እያንዳንዱ ቁስል ደግሞ ሌላ የባክቴሪያ በር ነው። ለእጅ ካላስቸገረ መተው ነው።

ግዢው ላይ የሚታየው ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእንቡጧን ታችኛ ክፍል በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ መጫን፤ ጠንከር ካለች ትኩስ ናት፣ እንደ ስፖንጅ ከገባች ዕድሜዋ ተበልቷል። ውጪ ያሉት አረንጓዴ ሽፋኖች ወደ ታች ተገልብጠው ከሆነ ለመፍታት ደርሳለች፤ ጥብቅ ብለው እንቡጧን ካቀፉ ሳትፈታ የምትቀር ልትሆን ትችላለች። ከባልዲው አንዱን ዘንግ አውጥቶ ጫፉን ማሽተትም ነውር የለውም። የአበባው ቅጠል ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ የሻጋታ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ በክረምት በተለይ ይበዛል። በዚህ ምክንያት ቤት ከደረሰ በኋላ ፕላስቲኩ ወዲያው ይፈታ፤ አበባው ላይ ውሃ መርጨትም ሻጋታውን ማገዝ ነው። የጽጌረዳ የውጪዎቹ 2 ወይም 3 የአበባ ቅጠሎች ግን አረንጓዴ መስመር ቢኖራቸው ወይም ቢጨማደዱ አያስደንግጥ፤ የውስጦቹን ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው፣ በእጅ ይነቀላሉ።

የቤት ውስጡ ድብልቅ

ፓኬት ከሌለ ሦስቱን ሥራዎች የሚሠራ ነገር ከማድ ቤት ይገኛል። 1 ሊትር ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ተራ በረኪና። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ስኳሩና ሎሚው በሙሉው ሊትር ውስጥ ከተሟሙ በኋላ በረኪናው በመጨረሻ ይግባ። በረኪናን በቀጥታ በሎሚ ጭማቂ ላይ ማፍሰስ ቫዝ ማጠቡ ላይ የተባለውን ጋዝ ያስነሣል። ሎሚ ከጠፋ፣ በስኳር የተሠራ ስፕራይት አንዱ እጅ ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ሆኖ ሩብ የሻይ ማንኪያ በረኪና በሊትር ቢጨመርበት ይሠራል፤ ስኳሩም ሲትሪክ አሲዱም በውስጡ ነው። «ዜሮ» የሚለው ዓይነት ስኳር ስለሌለው አያገለግልም።

ታዲያ ይህ ካለ ፓኬቷ ለምን? ልዩነቱ ሦስተኛው ቀን ላይ ይታያል። በረኪና ስኳርና ቅጠል ካለበት ውሃ ውስጥ ቶሎ ይዳከማል፤ ክሎሪኑ ያልቃል፣ ስኳሩ ይቀራል። ስለዚህ የቤቱ ድብልቅ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት። የፋብሪካው ባክቴሪያ ገዳይ ግን ለቀናት ይቆያል። ያንን ትጋት ላለው ሰው የቤቱ ድብልቅ ጥሩ ምትክ ነው፤ ለሰርግ አዳራሽ፣ ለቢሮ፣ ለሆስፒታል ጠያቂ የሚሄድ አበባ ግን ፓኬት ይሻላል፣ ማንም ተመልሶ ውሃ አይለውጥለትምና።

ሌሎቹ ሲወራላቸው የሚሰማ መድኃኒቶች ወረፋ ውስጥ አይገቡም። አስፕሪን ውሃውን በጥቂቱ አሲዳማ ከማድረግ አያልፍም። የመዳብ ሳንቲም በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ለቁጥር የማይበቃ ነው። ቮድካ ጠብ ማድረግ ባክቴሪያ አይገድልም፤ የሚገድል ያህል ከገባ አበባውንም ይገድላል። ለድስት ተክል የሚሰጥ ማዳበሪያ ቫዝ ውስጥ መጨመር ደግሞ «ምግብ» የሚለው ስም ያመጣው ስህተት ነው። ሥር የሌለው አበባ ማዳበሪያ ምን ያደርግለታል?

አበባው ሲለይ

ጂፕሶፊላ ስኳር ካገኘ ያልፈነዱትን ትንንሽ እንቡጦች ይፈታል። ሊሊ ሲፈታ መሐሉ ያሉት ዱቄታም ዘንጎች በመቀስ ቢወገዱ ልብስም ጠረጴዛም አይበከልም፤ ቤት ውስጥ ድመት ካለ ግን ሊሊ ጨርሶ ባይገባ ይሻላል፣ ቅጠሉም ዱቄቱም የቫዙ ውሃም ኩላሊቷን ይገድላሉ። ጀርቤራ ግንዱ ለስላሳና ጸጉራም ነው፤ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብቻ፣ በውስጡም ጥቂት በረኪና፣ በየ2 ቀኑ የሚለወጥ። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ግንዱ ይበሰብሳል። ካላም እንዲሁ ጥልቅ ውሃ አይወድም። ከሽንኩርት መሰል ሥር የሚበቅሉ ዝርያዎች፣ እንደ ቱሊፕ ያሉት፣ ስኳሩ ያነሰ የራሳቸው ፓኬት አላቸው፤ በውጭ አገር ያለ ገዢ ጀርባው ላይ «bulb» የሚለውን ቃል ይፈልግ። የመስከረም አደይ ከመስክ የተለቀመ ስለሆነ ፓኬት አይጠይቅም፤ ማለዳ ተቆርጦ ወዲያው ውሃ ውስጥ መግባት፣ ከላይ ካሉት ጥቂቶች በስተቀር ቅጠሉ መነቀል፣ ውሃው በየቀኑ መለወጥ ነው የሚያቆየው።

ፓኬቷ ምንም የማታደርግበት አንድ ጠላት አለ፤ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ። የሚበስል ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ያወጡታል፤ ከከሰልና ከዕጣን ጭስም ይወጣል። ካርኔሽን በዚህ ጋዝ እንደ ተኛ ሰው የአበባ ቅጠሉን ከድኖ አይነቃም፣ ጂፕሶፊላና አልስትሮሜሪያም ይረግፋሉ። ስለዚህ የፍራፍሬ ሰሃንና የቡናው ከሰል ምድጃ ካሉበት ጥግ አበባው ይራቅ። ፍሪጅ ላይ፣ ቴሌቪዥን አጠገብ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ከኤሲ ንፋስ ፊት ለፊት ማስቀመጥም የቀናት ዕድሜ ይቀንሳል። ማታ ማታ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ማዛወር ግን ከማንኛውም ፓኬት ጋር የሚወዳደር ጥቅም አለው፣ ገንዘብም አያስወጣም።

ዕቃው ላይ የሚነሱ ቅሬታዎች ጥቂት ናቸው፣ አንዱ ግን ከባድ ነው። ፓኬቷ ስኳር ትመስላለች፤ ሻይ ቤት ከሚሰጠው የስኳር ፓኬት ለመለየት ማንበብ ይጠይቃል። ልጆች ካሉበት ቤት ከስኳርና ከሻይ ዕቃ ጋር አትቀመጥ። እርጥበት ነክቷት ብትጠጥርም ውሃ ውስጥ ጥርት ብላ እስከሟሟች ትሠራለች።

አንገቷን የደፋች ጽጌረዳ ላይ ደግሞ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ይህ ይሞከር። ከታች 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ፣ ራሷ ቀጥ እንዲል ከአንገቷ እስከ ግንዷ አጋማሽ በጋዜጣ ጠበቅ ተደርጋ ትጠቅለል፣ ለብ ባለና ምግብ በተሟሟበት ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለ2 ሰዓት ትቁም። ወይም ሳፋ ውስጥ ግንዷም ራሷም ጠልቆ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ትተኛ። የደፋችው አየር ዘግቷት ከሆነ ትነሣለች። ካልተነሣች አንገቷ ሳይጠና የተቆረጠች ልትሆን ትችላለች፣ ያንን ደግሞ ፓኬትም ሎሚም አይመልሰውም። ያኔ ግንዷን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር አሳጥሮ በሻይ ብርጭቆ ማቆም ነው፤ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ስላጠረ ጥቂት ቀን ትሰነብታለች።